ገዥዎች ሥልጣን ላይ የሚቆዩት በምንድን ነው? ከድሬ ጉምሩክ እስከ ቀበሌ መታወቂያ

ጀጎል_አምስት_በር

ሰላም የመድረኩ ሰዎች። ስለ ያለፈው ዘመን ገዥዎች ሲነሳ ወሬው ቶሎ ብሎ ወደ «እገሌ ጨካኝ ነበር፣ እገሌ ደግ ነበር» ይዞራል። ጭካኔ ብቻውን ሥልጣን የሚያጸና ቢሆን ኖሮ በ20ኛው ክፍለ ዘመን በሁለትና በሦስት ዓመቱ የወደቀ ጨካኝ ባልበዛ። እንድንነጋገርበት የምፈልገው አሠራሩን ነው። አንድ ቡድን ሠላሳና አርባ ዓመት የሚቆየው ምን ምን እየሠራ ነው? ሲወድቅስ የቱ ቀድሞ ይላላል?

የእኔን ሐሳብ ላስቀምጥ። ሦስት ነገሮች አሉ፤ ጠመንጃ፣ ገንዘብ እና ሹመት። ረጅም የቆየ ገዥ ሁሉ የደከመው እነዚህ ሦስቱ ከእሱ በታች በአንድ ሰው እጅ እንዳይገናኙ ነው። የተገናኙበት ቀን ተቀናቃኝ ተወለደ ማለት ነው።

ለዚህ ከሐረር የተሻለ ምሳሌ አላገኝም። ራስ መኮንን ከ1879 እስከ 1898 ድረስ ሐረርጌን ሲገዙ ሦስቱም በእጃቸው ነበሩ። ከባሕር የሚመጣው ንግድ ቀረጥ፣ የራሳቸው ጦር፣ የበታች ሹማምንት ሁሉ። ምኒልክ ይህን የታገሡት የአክስታቸው ልጅ ስለሆኑና ታማኝነታቸው ስላላወላገደ ነው። ተፈሪ መኮንን በ1902 ሐረርን ሲሾሙም የተረከቡት ያንኑ ነው። ልጅ ኢያሱ አደጋውን ያዩት ዘግይተው ነው። ነሐሴ 1908 ላይ ተፈሪን ከሐረር አንስተው ከፋን ሾሟቸው፤ ተፈሪ ግን ከፋ አልሄዱም። ሁለት ወር ሳይሞላ፣ በመስቀል ዕለት መስከረም 17 ቀን 1909፣ ዙፋኑ ከኢያሱ እጅ ወጣ። ተሻሪው ያኔ አዲስ አበባ ሳይሆኑ እዚሁ ሐረር ነበሩ።

(ቀኖቹ በእኛ አቆጣጠር ናቸው። የውጭ አገሩን ስናነሳ እ.ኤ.አ. እንበል።)

ከዚራ_ባቡር

አቦ ጥሩ ርዕስ ነው። ገንዘቡን ለእኔ ተውልኝ፤ የድሬ ነገር ነውና።

ባቡሩ ከጅቡቲ ተነስቶ 310 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ድሬ የገባው በ1895 ነው። አዲስ አበባ የደረሰው በ1909። በመሃል ያሉትን 14 ዓመታት ልብ በሉ። በሐዲድ የመጣ ዕቃ ሁሉ ድሬ ላይ ይራገፋል፣ ጉምሩክ ይፈተሻል፣ ከዚያ በግመልና በበቅሎ ወደ መሃል አገር ይቀጥላል። የሚወጣው ቡናና ቆዳም በዚያው በር ነው።

ይህን ከመሬት ግብር ጋር አነጻጽሩት። የዚያን ጊዜ ግብር በአብዛኛው በዓይነት ነው፤ እህል፣ ማር፣ ሰንጋ፣ የጉልበት ሥራ። ገበሬው ከሰጠው ላይ ጭቃ ሹሙ ይወስዳል፣ ምስለኔው ይወስዳል፣ ባለ ጉልቱ ይወስዳል፤ ላይኛው ዘንድ የሚደርሰው ጥቂት ነው፣ እሱም በመንገድ ይበላሻል። ለመሰብሰብ ደግሞ ወታደር በየመንደሩ ማስፈር ይጠይቃል። ጉምሩክ ግን አንድ ግቢ፣ አንድ ሚዛንና አንድ መዝገብ ነው። የሚገባው ጥሬ ብር ነው። ጥሬ ብር ጠመንጃ ይገዛል፣ ደሞዝ ይከፍላል። ደሞዝ የሚበላ ወታደር ደግሞ መሬት ከሰጠው ጌታ ይልቅ ከፋዩን ያያል። ተፈሪ ከ1909 በኋላ አልጋ ወራሽ ሆነው አዲስ አበባ ሲቀመጡ ሐረርጌን ያልለቀቁት፣ በዘመዳቸው በእምሩ ኃይለ ሥላሴ በኩል ያስተዳደሩት፣ ለዚህ ነው።

ግን ገደብ ነበረበት። በጥር 1900 ከፈረንሳይ ጋር የተፈረመው ውል የገቢ ቀረጡን ከዕቃው ዋጋ 10 በመቶ ላይ ቆልፎታል። ሌሎቹ መንግሥታትም በዚያው ተጠቀሙ። ቀረጡን ከፍ ማድረግ ስላልተቻለ ንጉሠ ነገሥቱ በ1923 የፍጆታ ግብር የሚባል አዲስ ነገር ጨመሩ፤ ሌጋሲዮኖቹ (የውጭ መንግሥታት ኤምባሲዎች) ጮኹ። በዚያው ዓመት የአቢሲኒያ ባንክ ተገዝቶ የመንግሥት ሆነ። አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ ነሐሴ 1922፣ ከእንግሊዝ፣ ከፈረንሳይና ከጣልያን ጋር የመሣሪያ ውል ተፈረመ፤ ከዚያ ወዲህ ጠመንጃ በሕጋዊ መንገድ የሚገባው በማዕከላዊው መንግሥት ፈቃድ ብቻ ሆነ። ይህ ውል በታሪክ መጻሕፍት አንድ መስመር ይሰጠዋል። ለእኔ ግን ከሕገ መንግሥቱ ይበልጣል። የጎጃም ወይም የወሎ መኳንንት ከዚያ በኋላ ከነጋዴ በይፋ መሣሪያ ሸምቶ ጦር ማደራጀት አይችልም።

ፈላና

ወንድም ከዚራ ስለ ገንዘቡ ያልከው ተመችቶኛል። ሹመቱን ልቀጥል፤ የደጃዝማች ባልቻን ጉዳይ ሰው ሁሉ እንደ ቧልት ያወራዋል እንጂ ደረጃ በደረጃ አያየውም።

ባልቻ ሳፎ አድዋ ላይ የተዋጉ ሰው ናቸው፣ ሐረርንም ገዝተዋል፤ ተፈሪ ሐረርን የተረከቡት ከእሳቸው ነው። በ1920 የሲዳሞ ገዥ ሆነው ጦርም ሀብትም በእጃቸው ነበር። ከአዲስ አበባ ሲጠሩ ብዙ ወታደር አስከትለው መጥተው ከከተማው ወጣ ብለው ሰፈሩ። ጦርነት ሊሆን ይችል ነበር። ተፈሪ ምን አደረጉ? ግብር አገቡ። ባልቻ ከጠባቂዎቻቸው ጋር ቤተ መንግሥት ሲበሉና ሲጠጡ የተፈሪ ሰዎች ሰፈራቸው ድረስ ሄደው ለወታደሩ ገንዘብ ከፈሉ፤ መሣሪያውን ተረከቡና አሰናበቱት። በዚያው ሰሞን ሲዳሞ ለደጃዝማች ብሩ ወልደ ገብርኤል ተሰጠ። ባልቻ ሲመለሱ ሰፈሩ ባዶ ነው።

ወታደሩ ለምን እሺ አለ? ገንዘቡ ብቻ አይደለም። በደቡቡ የገባር ሥርዓት ወታደሩ የሚኖረው በተመደበለት ገባር (ግብር ከፋይ ገበሬ) ነው። ገባሩን የሚመድበው ደግሞ ገዥው ነው። ገዥው ሲለወጥ አዲሱ ሹም የፈለገውን ያጸናል፣ የፈለገውን ይነቅላል። «ጌታህ ተሽሯል» የሚለው ወሬ ሰፈር ሲደርስ እያንዳንዱ ወታደር የሚያስበው ስለ ቤቱና ስለ ገባሩ ነው። ሹመቱ ከላይ እስከተሰጠ ድረስ የባልቻ ጦር የባልቻ አልነበረም።

ከ1933 በኋላ ይህ በሕግ ተጻፈ። የ1934ቱ የአስተዳደር ደንብ ጠቅላይ ገዥውን ደሞዝተኛ አደረገው፤ የራሱ ጦር የለውም፣ ግብሩ ወደ ገንዘብ ሚኒስቴር ይገባል፣ የአውራጃውና የወረዳው ገዥም ከላይ ይሾማል እንጂ እሱ አይሾምም። ከዚያ ወዲህ ሹም ሽሩ በወረቀት ሆነ። ወረቀቱ ደግሞ በጽሕፈት ሚኒስቴር በኩል ያልፋል። ጸሐፌ ትእዛዝ ወልደ ጊዮርጊስ ወልደ ዮሐንስ በዚያ ወንበር ላይ ሆነው ከጠቅላይ ሚኒስትሩ የበለጠ ኃያል ነበሩ። የማንን ደብዳቤ ጃንሆይ ዛሬ እንደሚያዩ፣ የማን እንደሚዘገይ የሚወስኑት እሳቸው ናቸው። በ1947 ግን አሩሲ ተሹመው ሄዱ። ሹመት ተባለ፤ ስደት ነበር።

ጋሽ_ኤረር

ልጆች፣ አንድ ነገር ልጨምር። ሹም ሽር ሁለት ፊት አለው። ሰውየውን ከሥሩ ይነቅለዋል፤ ግን ያልታሰበ ቦታ ይተክለዋል። ኋላ በ1953 መፈንቅለ መንግሥት የሞከረው ገርማሜ ንዋይ ወላይታ ላይ መሬት ለጭሰኛ ሲያከፋፍል ባለ መሬቶቹ ከሰሱትና ወደ ጅጅጋ አዛወሩት። ከዋና ከተማ ይርቃል፣ ይረሳል ተብሎ ነው። ጅጅጋ ላይ ውኃ፣ ሐኪም ቤት፣ ትምህርት ቤት ለማስፋት ሲሞክር በጀቱም ፈቃዱም ከላይ ተያዘበት። «ከውስጥ ሆኖ ማሻሻል አይቻልም» የሚለውን መደምደሚያ ይዞ የተመለሰው ከእኛው ከሐረርጌ ነው። ወንድሙ ደግሞ የክቡር ዘበኛ አዛዥ ነበር። የራቀ ሰው የሚረሳው ዘመድ ጠመንጃ አጠገብ ከሌለው ነው።

ሦስተኛ_ክፍለ_ጦር

ጋሼ እግዚአብሔር ይስጥልን፤ ጠመንጃው ላይ አደረሱን።

ከጣልያን በኋላ የተሠራውን የጦር አደረጃጀት እዩት። ምድር ጦርን መጀመሪያ እንግሊዞች፣ ከ1945 ጀምሮ አሜሪካኖች አሠለጠኑት። ክቡር ዘበኛን ስዊድኖች። አየር ኃይልን መጀመሪያ ስዊድኖች፣ ኋላ አሜሪካኖች። ባሕር ኃይልን ኖርዌጆች። የሐረር ጦር አካዳሚ በ1950 ገደማ ሲከፈት አስተማሪዎቹ ሕንዶች ናቸው። ፖሊስና ኮማንዶው ዘንድ እስራኤሎች ነበሩ። የገንዘብ እርዳታ ከየትም መጣ ብቻ እንዳትሉ። አሠልጣኙ ሲለያይ መኮንኖቹ አብረው አይማሩም፣ አንዱ ዘንድ ያለው ቅሬታ ሌላው ዘንድ አይደርስም። ክቡር ዘበኛ በደንብ ይለብሳል፣ በደንብ ይበላል፤ ምድር ጦር ይህን እያየ ይቆጫል። ያ ቁጭት ለቤተ መንግሥቱ እንደ ዋስትና ይቆጠር ነበር።

ዋስትናነቱ በታኅሣሥ 1953 ታየ። ጀኔራል መንግሥቱ ንዋይና ገርማሜ ጃንሆይ ብራዚል ሳሉ ተነሱ። ዘዴያቸው እቴጌ ታመዋል ብሎ ሚኒስትሮቹን በስልክ መጥራት ነበር፤ የመጡትን አሠሩ። ያልሠሩትን እንቁጠር፦

– ጀኔራል መርዕድ መንገሻና ጀኔራል ከበደ ገብሬ አመለጡ። አንደኛ ክፍለ ጦር ደርሰው ጦሩን አሰለፉ። አዛዦቹን ሳይዙ ሬዲዮ ጣቢያ መያዝ ዋጋ የለውም።
– አየር ኃይሉ ከጃንሆይ ጋር ቀረ። የአቡነ ባስልዮስ ውግዘት የታተመበት ወረቀት ከሰማይ ተበተነ።
– የክቡር ዘበኛ ወታደር ራሱ ለምን እንደወጣ አልተነገረውም። ብዙው ንጉሡን የሚጠብቅ መስሎት ነው የተዋጋው። እውነቱን ሲሰማ ክንዱ ዛለ።

ሲሸነፉ የያዟቸውን ሰዎች ገደሉ፤ ራስ አበበ አረጋይና ራስ ሥዩም መንገሻም እዚያ አለቁ። ጃንሆይ በአሥመራ በኩል ተመለሱ። ሂሳቡ ግን ወዲያው መጣ። ዙፋኑን ያዳነው ምድር ጦር ደሞዝ ጨምሩልኝ አለ፣ ተጨመረለት። በዚያ ቀን ወታደሩ ዋጋውን አወቀ።

ጋራ_ሙለታ

ከአገር ወይም ከከተማ መውጣት ራሱን የቻለ ርዕስ ነው። ኢያሱ ሐረር ሳሉ፣ ጃንሆይ ብራዚል ሳሉ። የሊቢያው ንጉሥ ኢድሪስ ቱርክ ሳለ (እ.ኤ.አ. 1969)፣ ንክሩማ ወደ ሩቅ ምሥራቅ ሲጓዝ (1966)፣ ሲሃኑክ ከካምቦዲያ ውጭ ሳለ (1970)፣ ኦቦቴ ሲንጋፖር ሳለ (1971)፣ ጎወን ካምፓላ ሳለ (1975)። በእኛ አቆጣጠር በ1981 የእኛዎቹ ጀኔራሎች የተነሱትም መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ወደ ምሥራቅ ጀርመን ሲበር ነው።

ከእነዚህ ውስጥ ተመልሰው ዙፋናቸውን ያገኙት በሌሉበት የሚታዘዝላቸው የታጠቀ ክፍል የተውት ብቻ ናቸው። ኢያሱ አዲስ አበባ ላይ ማንም አልነበራቸውም፤ መሃል ሰፋሪው (የቤተ መንግሥቱ ጦር) ከጠላቶቻቸው ጋር፣ አቡነ ማቴዎስ ከጠላቶቻቸው ጋር፣ ሌጋሲዮኖቹም እንዲሁ። የነበራቸው የአባታቸው የንጉሥ ሚካኤል ጦር ወሎ ነው። እሱም ዘግይቶ መጥቶ ጥቅምት 17 ቀን 1909 ሰገሌ ላይ ተሸነፈ። ኢያሱ ራሳቸው በኋላ ተይዘው ፍቼ ታሠሩ። በ1924 ሲያመልጡ እንደገና ተይዘው ወደዚህ ወደ እኛ ጋራ ሙለታ መጡ። እስከ 1928 እዚያው ቆዩ። ከዙፋን የወረደን ሰው በሕይወት ማቆየት አደጋ መሆኑን ያ ማምለጥ አሳየ። ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖትም በዚያው ጉዳይ እጃቸው አለበት ተብለው ጎጃምን አጡ።

ሦስተኛ ክፍለ ጦር፣ «ጦሩን መከፋፈል ዋስትና ነው» በሚለው ላይ ግን ሙሉ በሙሉ አልስማማም። ጋና ላይ ንክሩማ የራሱን የክብር ዘበኛ ክፍለ ጦር ከመደበኛው ጦር በላይ አደረገው። መሣሪያውም አሠልጣኙም ከምሥራቁ ጎራ። መደበኛው ጦር የተነሳበት አንዱ ምክንያት ያ ነው። መከፋፈል ያስቀናል፤ ቅናት ደግሞ የሚፈነዳበትን ጊዜ አይነግርም።

ሦስተኛ_ክፍለ_ጦር

ልክ ነህ አቦ፣ ስለዚህ ነው የእኛው 1966 ከ1953 የሚለየው። በ1953 አንድ ክፍል ተነስቶ ሌላው አፈነው። በ1966 ጥር ነገሌ ቦረና ላይ የተነሱት ተራ ወታደሮችና ባለ ሌላ ማዕረጎች ናቸው። ጥያቄያቸው ውኃና ምግብ። ያ ጥያቄ የአንድ ክፍል ጥያቄ አይደለም፤ የሁሉም ነው። ክፍሎቹ በወታደራዊ ሬዲዮ ተጠራሩ። አሠልጣኝ ለያይቶ የሠራው አጥር ተራው ወታደር ዘንድ አይደርስም ነበር፤ የተሠራው ለመኮንን ነውና።

ከዚያ ሰኔ 21 ቀን 1966 አስተባባሪው ኮሚቴ ተሰበሰበ። ከየክፍሉ የተላኩ፣ ከሻለቃ በላይ ማዕረግ የሌላቸው ከመቶ የሚበልጡ ሰዎች። ሻለቃ መንግሥቱ የተላከው ከሐረር፣ ከሦስተኛ ክፍለ ጦር ነው። ጃንሆይን በአንድ ሌሊት አላወረዱም። ሰውን በስም እየጠሩ ማሰር፣ ከዚያ ዘውድ ምክር ቤቱንና የዙፋን ችሎቱን ማፍረስ፣ ከዚያ የቤተ መንግሥቱን ንብረት መውሰድ። ሁሉንም «በግርማዊነታቸው ፈቃድ» እያሉ። መስከረም 2 ቀን 1967 ሲመጡ የሚጠብቃቸው አንድም ክፍል አልቀረም። የሥልጣን ሽግግር ተብሎ ቢጠና ይህን ያህል የተለካ ነገር በአፍሪካ ታሪክ ጥቂት ነው።

ፈላና

ምትክ የመሰየሙን ጉዳይ አትርሱ። ጃንሆይ በ80 ዓመታቸው ማን እንደሚተካቸው በግልጽ አልተቋጨም ነበር። በ1923ቱ ሕገ መንግሥት ዙፋኑ ከእሳቸው ዘር እንዳይወጣ ተጽፏል፤ ዘሩ ተለየ እንጂ ሥልጣን ያለው ወራሽ አልተዘጋጀም። አልጋ ወራሹ በ1953 መግለጫ አንብበዋልና ሙሉ እምነት አልተጣለባቸውም። በ1965 ደግሞ ታመው አውሮፓ ሄዱ።

የሁሉም ገዥ ችግር ይኼ ነው። ምትክ ከሰየምክ ሰው ሁሉ ወደ ምትኩ ይሄዳል። ካልሰየምክ አንተ ስትደክም ሥርዓቱ አብሮ ይደክማል። በዚህ ረገድ የተሳካላቸው ሜክሲኮዎች ናቸው። ፓርቲያቸው ስሙን ሁለት ጊዜ ቢለውጥም እ.ኤ.አ. ከ1929 እስከ 2000 ፕሬዚዳንትነቱን አልለቀቀም። ምስጢሩ ፕሬዚዳንቱ ስድስት ዓመት ይገዛል፣ ደግሞ አይመረጥም፣ ተተኪውን ግን እሱ ይጠቁማል፤ ያውም ዘመኑ ሊያልቅ ሲል። በስድስት ዓመቱ አዲስ ሰው ከነአዲስ ሹማምንቱ ስለሚገባ ተራውን የሚጠብቅ አመጽ አያስብም። ፕሬዚዳንት ካርዴናስ በ1936 ከመጋረጃ ጀርባ መግዛት የፈለጉትን የቀድሞውን ፕሬዚዳንት ካዬስን ከአገር ሲያስወጣ ሕጉ ጸና፤ የወረደ ወርዷል። ሰው ይለወጣል፣ ቡድኑ ይቆያል።

የእኛ ደርግ ተቃራኒውን ሠራ። ሁለተኛ ሰው በታየ ቁጥር አስወገደ። ጀኔራል አማን ኅዳር 1967፣ ጀኔራል ተፈሪ ባንቲ ጥር 26 ቀን 1969፣ ኮሎኔል አጥናፉ ኅዳር 1970። ከዚያ በኋላ መንግሥቱን «ተው» የሚል አልቀረም።

ለገሃሬ

ላይ ላዩን እያወራችሁ ነው፤ እታች እንውረድ። ደርግ 17 ዓመት የቆየው በጄኔራል ግድያ አይደለም። በቀበሌ ነው።

አዋጅ ቁጥር 47፣ ሐምሌ 19 ቀን 1967። የከተማ ቦታ ሁሉ የመንግሥት ሆነ፤ ትርፍ ቤት ተወረሰ፤ ለአንድ ቤተሰብ ለመኖሪያ ከ500 ካሬ ሜትር አይበልጥም ተባለ። ኪራዩ በወር እስከ 100 ብር የሆነውን ቤት ቀበሌ እንዲያስተዳድር ተሰጠው። አሁን ድሬንና ሐረርን አስቡ። መጋላም ሆነ ጀጎል፣ በቤት ኪራይ የሚኖረው ነጋዴና ባለ ርስት ያን ቀን ገቢውን አጣ። ማንንም ሳይፈራ ሽማግሌ ሊሰበስብ፣ ለእስረኛ ጠበቃ ሊገዛ፣ ጋዜጣ ሊደግፍ የሚችለው ያ ሰው ነበር። ተከራዩ ደግሞ ኪራይ ስለቀነሰለት ደስ አለው፤ ጌታው ግን ቀበሌ ሆነ።

ቀጥሎ መታወቂያ። ያለ እሱ ሥራ የለም፣ መንገድ የለም። ከከተማ ለመውጣት የይለፍ ወረቀት፤ የሚጽፈው ቀበሌ። ስኳር፣ ጨው፣ ዱቄት፣ ሳሙና በኅብረት ሱቅ በኩፖን፤ የሚያድለው ቀበሌ። ልጅ ትምህርት ቤት ለማስገባት ደብዳቤ፤ ቀበሌ። ጎረቤት ቢጣላ ፍርድ ሸንጎ፤ ቀበሌ። ከዚያ ለአብዮት ጥበቃው ጠመንጃ ተሰጠው። ጀጎል በመነሻው ሦስቱ በአንድ እጅ እንዳይገናኙ ብሏል። ቀበሌ ላይ ሦስቱም ተገናኝተዋል። አደገኛ ያልሆነው ግዛቱ ጥቂት መቶ ቤት ብቻ ስለሆነ ነው። ትንሽ ቦታ ላይ ሁሉን ስጠው፣ ሰፊ ቦታ ላይ ምንም አትስጠው፤ አሠራሩ ይህ ነው።

ምን ተበላሸ? ሁለት ነገር። አንደኛ፣ ቀበሌ ይህን ያህል ሲከብድ ሁሉም ሊይዘው ተሻማ። ሁለቱ የግራ ፓርቲዎች፣ ኢሕአፓና መኢሶን፣ የተገዳደሉት ለዚያ ወንበር ጭምር ነው። በ1969 የቤት ለቤት አሰሳ ሲደረግ ማን ቤት ምን እንዳለ የሚያውቀው የቀበሌው ሰው ነው፤ የግል ቂሙንም በዚያው ተወጣ። ሁለተኛ፣ ወሬው ውሸት ሆነ። ሊቀ መንበሩ ለከፍተኛው (ከቀበሌ በላይ ላለው እርከን) ሪፖርት የሚያደርገው ከፍተኛው የሚወደውን ነው። ስብሰባ ላይ ሕዝቡ መገኘቱ ይቆጠራል፣ መፈክር ማሰማቱ ይጻፋል፤ ልቡ የት እንዳለ የሚጽፍ የለም። የበታችን ያስፈራ መንግሥት እውነት አይነገረውም።

ጋሽ_ኤረር

ለገሃሬ ስለ ደርግ ያለው ልክ ነው፤ ግን ከተማን በጅምላ መቅጣት ከደርግ በፊትም ነበረ። በ1940 የሐረሪ ተወላጆች ልዑካን ሞቃዲሾ ሄደው ለአራቱ ኃያላን ኮሚሽን አቤቱታ ካቀረቡ በኋላ የሆነውን የጀጎል ሰው ያውቀዋል። ብዙ ወንዶች ታሠሩ፣ ቤትና ንብረት ተወረሰ። ያን ጊዜ ብዙው ሐረሪ ጀጎልን ለቆ ወደ ድሬና ወደ አዲስ አበባ ወጣ። ልዑካኑ ጥቂት ነበሩ፤ ቅጣቱ የደረሰው ሕዝቡ ላይ ነው። እንዲህ ያለ ቅጣት ለጊዜው ዝም ያሰኛል፤ ግን በቤት ውስጥ ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፋል።

ሦስተኛ_ክፍለ_ጦር

ደርግ ጦሩን እንዴት እንደያዘው ልጨምር። ሦስትዮሽ አመራር ይባላል። በየክፍሉ አዛዡ፣ የፖለቲካ ኮሚሳሩ እና የኢንስፔክሽን ወይም የደኅንነት ሰው። ሦስቱም በየራሳቸው መስመር ወደ አዲስ አበባ ይጽፋሉ። አዛዡ ሌሊት ጦር ማንቀሳቀስ ቢፈልግ ኮሚሳሩ ካልተስማማ ያመነታል፤ ካንቀሳቀሰና ከተሸነፈ ጥፋቱ የእሱ ነው። መፈንቅለ መንግሥት ለማስቀረት ግሩም ነው፣ ለጦርነት ግን ገዳይ ነው።

በግንቦት 8 ቀን 1981 የተነሱት ጀኔራሎች የወደቁትም እዚህ ላይ ነው። ሁሉም ትልቅ አዛዥ ናቸው፤ ግን አዲስ አበባ ውስጥ በቀጥታ የሚያዙት በቂ ጦር አልነበራቸውም። መከላከያ ሚኒስቴር ተሰብስበው ስለ አውሮፕላኑና ስለ ቀጣዩ መንግሥት ሲከራከሩ የቤተ መንግሥቱ ጥበቃ በታንክ ከበባቸው። ጀኔራል መርዕድ ንጉሤና ጀኔራል አምሃ ደስታ ራሳቸውን አጠፉ። ቀደም ሲል ሐረር ላይ የአንደኛው አብዮታዊ ሠራዊት አዛዥ የነበሩት ጀኔራል ደምሴ ቡልቶ አሥመራ ላይ ተገደሉ። በዓመቱ 12 ጀኔራሎች ተረሸኑ። መንግሥቱ ዳነ። ጦሩ ግን ልምድ ያላቸውን አዛዦች አጣ፤ ሁለት ዓመት ያህል ነው የቆየው።

ጀጎል_አምስት_በር

ሁላችሁም ጥሩ ጨምራችኋል። ለገሃሬ ሆይ፣ የገጠሩን አላነሳኸውም። የካቲት 25 ቀን 1967 መሬት ለአራሹ ሲታወጅ ገበሬው ከደርግ ጎን ቆሞ ነበር፤ ሐረርጌ ላይም። በ1983 ግን አንድም ገበሬ አልተነሳለትም። ይህ እንዴት ሆነ?

ለገሃሬ

በአዋጁ አንድ ቤተሰብ እስከ 10 ሄክታር፣ ጭሰኝነት ቀረ፣ እዳ ተሰረዘ። በ800 ሄክታር አካባቢ አንድ የገበሬ ማኅበር። ያን ጊዜ ደርግ የሰጠው ትልቅ ነገር ነው፤ በ1969 የዚያድ ባሬ ጦር ሲመጣ ለሚሊሺያ የወጣው ገበሬ በግዳጅ ብቻ አልወጣም።

ከዚያ ወዲህ መስጠቱ ቆመ፣ መውሰዱ ቀጠለ። መጀመሪያ እህሉ። የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት ለየማኅበሩ ኮታ ያወጣል፤ ዋጋው ከገበያው በታች ተቆርጧል። ኮታውን ያልሞላ ገበሬ ከገበያ በውድ ገዝቶ ለመንግሥት በርካሽ ያስረክባል። ቀጥሎ ልጁ፤ ብሔራዊ ውትድርና ሲታወጅ መልማዩ ያው የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ነው። የዘመድ ልጅ ይቀራል፣ የደሃ ልጅ ይሄዳል። በመጨረሻ ቤቱ። የመንደር ምሥረታው በሰፊው የተጀመረው እዚሁ ሐረርጌ፣ በ1977 እና በ1978 ነው። ገበሬው ቤቱን አፍርሶ በመስመር ወደ ተቀየሰ መንደር ይግባ ተባለ። ማሳው ከሚያድርበት ራቀ፤ ማሽላውን ከዝንጀሮና ከአሳማ ሌሊት የሚጠብቅ ጠፋ፤ ጓሮው ቀረ፣ ከብቱ በአንድ ቦታ ታጉሮ ግጦሹ አለቀ። ለአስተዳዳሪ ለመቁጠር ይመቻል፣ ለገበሬ ለመኖር አይመችም። ብዙው ወደ ሶማሊያ የተሰደደው ያኔ ነው።

የካቲት 1982 ላይ መንግሥቱ ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲያውጅ ገበሬው በጋራ የሚያርስባቸው የአምራቾች ማኅበራት በሳምንታት ውስጥ ፈረሱ። ገበሬው በሬውንና መሬቱን ተከፋፍሎ ወደ ቀድሞ ቦታው ተመለሰ። የፈረሱት ጠመንጃ ሳይተኮስ ነው። ሊቀ መንበሩም ከልካይ አልሆነም፤ የራሱን ድርሻ ሊወስድ ከሰልፉ ገባ።